ሣህሌ ያሰመረው መስመር

ሣህሌ ጎርጎራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። ሚስቱ አምሳለ «የዚህ ሰው ጣት ለጸሎት ሲዘረጋ እንኳ ጠመኔ እንደለበሰ ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር። ከዚያ በኋላ የአይሁድ ዘር መሆናቸው ታምኖ ጉዞው እስኪፈቀድላቸው ጎንደር ከተማ ሰባት ዓመት ጠበቁ። በፈረንጆቹ 2007 አይሁድ አገር፣ ቤርሼቫ ከተማ ሲገቡ እሱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

መጀመሪያ ኤመቅ ሳራ፣ ፋብሪካና መጋዘን በሞላበት ሰፈር፣ ካርቶን ሲያሽግ አራት ዓመት ሠራ። ወገቡ እምቢ ሲለው በሰፈሩ ማትናስ ተቀጠረ። ማትናሱ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ጡረተኞች የሚሰባሰቡበት የሕዝብ ቤት ነው። ሣህሌ እዚያ አቭ ባይት ሆነ። በዕብራይስጥ የቤት አባት ማለት ነው፤ ስሙ ያምራል። ሥራው ግን ቁልፍ መያዝ፣ አምፖል መቀየር፣ ወንበር መደርደር፣ የተደፈነ ቧንቧ መክፈት ነው። መምህር ብሎ የሚጠራው አንድም ሰው አልነበረም። የስፖርቱ ኃላፊ ዮአቭ፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ወጣት፣ ከደረጃው ሥር ሆኖ «ሣህሌ! መጥረጊያ!» እያለ ይጣራል። ክፋት የለበትም፤ አገሩ እንዲያ ነው። ሣህሌም አይቀየመውም። ሆኖም በተጠራ ቁጥር አንዲት ነገር ውስጡን ትቆረቁረው ነበር።

በ2014 መጨረሻ፣ ብርዱ ሲገባ፣ አንድ አሮጌ የቀዘፋ ማሽን ለማትናሱ በስጦታ መጣ። ውሃ በሌለበት ቤት ተቀምጦ የሚቀዘፍበት ዕቃ ነው። ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት መቀመጫ አለው፣ በሰንሰለት የሚሳብ እጀታ አለው፣ ፊት ለፊት ደግሞ በተሳበ ቁጥር ነፋስ እየጠለፈ የሚያጓራ ጎማ አለው። ሣህሌ ጣና ዳር፣ የደንገል ታንኳ ሲያይ ያደገ ሰው ነውና መጀመሪያ ሲያየው ሳቁ አመለጠው።

ቁጥር የሚያሳየው የማሽኑ ትንሽ መስኮት ግን ታሞ ነበር። የታችኛው ግማሽ ጠቁሮ ምንም አያሳይም። መለወጫ ቁልፉም ሞቶ መስኮቱ ዋት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሰውየው ምን ያህል ጉልበት እያወጣ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደሄደ፣ በምን ፍጥነት እንደሄደ አይናገርም።

ይህ ነገር የማንም ራስ ምታት ባልሆነ፤ ሃዳር ባትኖር። ሃዳር የቦጋለች ልጅ ናት። ቦጋለች ከሣህሌ ቤት ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ትኖራለች። በልጅነቷ በሱዳን በረሃ በእግሯ ያለፈች፣ ሃያ ዓመት ልብስ ማጠቢያ ቤት የሠራች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ብርቱ ሴት ናት። ዘግይተው የገቡትን የሣህሌን ወገኖች «ትናንት የመጡ» ነው የምትላቸው። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታዋ አጭር ነበር። ሃዳር ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ቁመቷ ከበሩ ጉበን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሯጭ ነበረች። ጉልበቷን አሟት ሩጫ ስታቆም ዮአቭ ማሽኑ ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አልወርድም አለች።

ዮአቭ ስልክ ደዋውሎ አንድ ነገር አገኘላት። በሰሜን ያለ አንድ የቀዘፋ ክለብ ወጣቶችን በፈተና ይቀበላል። ፈተናው በማሽን ሁለት ሺህ ሜትር መቅዘፍ ነው። በሃዳር ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ከሰባት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ በታች መጨረስ አለባት። ካለፈች የግዴታ ውትድርናዋን ከልምምዱ ጋር እያጣመሩ ያስኬዱላታል። ሰባት ከአርባ አምስት ማለት በየአምስት መቶ ሜትሩ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ነው። የማትናሱ ማሽን ደግሞ ከዋት በቀር ቋንቋ አያውቅም።

«ዋቱን ወደ ደቂቃ የሚቀይር ታቭላ ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም» አለ ዮአቭ፤ ታቭላ የሚለው ሠንጠረዡን ነው። «ዛሬ ማታ እፈልገዋለሁ።»

ሣህሌ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ ነበር። ከላይ ሆኖ «አትልፋ። እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

«አንተ?»

«እኔ። አገሬ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ።»

ዮአቭና ሃዳር ቀና ብለው አዩት። ከመሰላሉ የወረደው ሣህሌ ከወጣው ሣህሌ በአንድ ክንድ የሚረዝም መሰለው።

ኤመቅ ሳራ ውስጥ ያገለገሉ የስፖርት ዕቃዎች የሚከማቹበት መጋዘን አለ። እዚያ የሚሠራው ዳምጤ ከሣህሌ ጋር ጎንደር ላይ ተራ የጠበቀ፣ ክንዱ እንደ ምሰሶ የሆነ ሰው ነው። መጋዘኑ ውስጥ የዚያው ዓይነት ማሽን፣ መስኮቱ ጤነኛ የሆነ፣ ቆሞ ነበር። እሱ ዋቱንም ደቂቃውንም ያሳያል። ሣህሌ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠና ሳበ። መቶ ዋት ላይ ሲያረጋው፣ ለአምስት መቶ ሜትር ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሁለት ሰከንድ አለው። ጻፈ። ጥርሱን ነክሶ መቶ ሃምሳ ላይ ሲያደርሰው፣ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ ሦስት። ጻፈ። ወደ ሁለት መቶ ሊወጣ ሲል ወገቡ ጨምድዶ ያዘው።

ዳምጤ እየሳቀ መጣ። «ጋሼ፣ ተነሣማ እኔ ልሳብልህ። ሁለት መቶ ለእኔ ምን አላት?»

«ይበቃኛል» አለ ሣህሌ ላቡን እየጠረገ። በዳምጤ ፊት ወገቡን መያዙ አሳፍሮት ነበር። «ሁለት ነጥብ ካለ መስመሩ ይገኛል።»

ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋ። ሃምሳ ዋት ሲጨመር አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ቀንሷል። እንግዲህ ሌላ ሃምሳ ሲጨመር ሌላ አሥራ ዘጠኝ ይቀንሳል፤ ሁለት መቶ ዋት ማለት አንድ ደቂቃ ከሃምሳ አራት ነው። ማስመሪያ አስደግፎ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አሰመረ። ከእርሷ ላይ እያነበበ፣ ከሰማንያ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ በየአምስት ዋቱ ሠንጠረዡን ሞላው። አምሳለ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየችና «ዛሬስ ድሮ ድሮ ሸተትከኝ» አለችው።

ሠንጠረዡ ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ዮአቭ እጁን ጨብጦ «ኮል ሃካቮድ፣ ሞሬ!» አለው። ኮል ሃካቮድ እሰየው፣ ሞሬ ደግሞ መምህር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በማትናሱ ሣህሌ ብሎ የሚጠራው ጠፋ፤ ትንሹም ትልቁም ሞሬ፣ ሞሬ ሆነ። ቦጋለችም አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቆመችውና ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «የተማረ ይግደለኝ!» አለች። «ልጄ ውጤቷን የምታነበው ባንተ ወረቀት ነው።»

ሃዳር የብርዱን ወራት ሁሉ ቀዘፈች። ጥር ላይ መቶ አርባ ዋት፣ መጋቢት ላይ መቶ ሰባ። እረፍት ስታደርግ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ ወረቀቱን ቀና ብላ ታያለች። «አባባ ሣህሌ፣ ዛሬ ሁለት ደቂቃ ከአምስት ነኝ፣ ነኮን?» ትለዋለች። አንቱ ማለት አልለመደችም፤ ዕብራይስጥ አንቱ የለውምና። ግን አባባ የምትለው ከልቧ ነው። እሱም መጥረጊያውን ተደግፎ «ነኮን፣ ልክ ነሽ» ይላል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሁለት መቶ ዋትን ሰባት ደቂቃ ከሠላሳ ስድስት ሰከንድ ሙሉ ያዘችው። በወረቀቱ መሠረት ሁለት ሺህ ሜትር አለቀ ማለት ነው። እጀታውን ለቃ ወለሉ ላይ ተዘረረችና ጣሪያውን እያየች ሳቀች። ማለፊያው ሰባት ከአርባ አምስት ነው። ዘጠኝ ሰከንድ ተረፋት።

ፈተናው ግንቦት ላይ ነበር። ዮአቭ በባቡር ይዟት ሄደ። ሣህሌ ያን ቀን አንዱን በር ሁለት ጊዜ ቀባው።

በማግስቱ ረፋድ ቦጋለችን ደረጃ ላይ አገኛት። ፊቷ ከስሎ ነበር።

«አላሳለፏትም» አለች።

«እንዴት?»

«እንዴት ትለኛለህ! እንደ ቤቷ ስባለች፤ ያው ጉልበት፣ ያው ልጅ። መስኮቱ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ይላታል። ደንግጣ ጨመረች። ግማሹን ሳታልፍ ትንፋሿ አለቀ። በስምንት ደቂቃ ከአሥራ አራት ጨረሰች። እዚህ በሰባት ተኩል የምትጨርሰው ልጅ! ከተፈታኞቹ ጥቁር እሷ ብቻ ነበረች፣ መምህር። የተበላሸ ማሽን ለይተው ሰጧት።»

  ሌላ ጊዜ ቢሆን ሣህሌም ያምናት ነበር። ያ ሰሞን የእኛ ልጆች በየከተማው ሰልፍ የወጡበት፣ የሆዳቸውን በአደባባይ የጮኹበት ጊዜ ነው። እሱ ራሱ አውቶቡስ ሞልቶ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ሲቀር ስንት ቀን አይቷል። ነገር ግን «ሁለት ደቂቃ» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። ማሽኑ ከተበላሸ እንዴት እንዲህ በሙሉ ቁጥር፣ እንዲህ ረግቶ ይበላሻል?

ከቀትር በኋላ ኤመቅ ሳራ ሄደ። ዳምጤን «ሁለት መቶ ሳብልኝ» አለው። ዳምጤ ጫማውን እንኳ ሳያጠብቅ ተቀምጦ ሳበ። መስኮቱ ሁለት ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ አለ፤ ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ፤ ቀጥሎም ሁለት ደቂቃ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ትችላለህ?»

ዳምጤ እንደ በሬ እየተነፈሰ አደረሰው። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት። የሣህሌ ወረቀት ለዚያ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ አምስት ይላል።

«ምነው ጋሼ? ፊትህ ልክ አይደለም» አለ ዳምጤ።

ሣህሌ የካርቶን ክምር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማስላቱ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያሳፈረው። ፍጥነት እጥፍ እንዲሆን ጉልበት እጥፍ መሆኑ አይበቃም፤ ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። በፈጠንክ ቁጥር ውሃውም ነፋሱም ይበረታብሃል፤ ዋት ስትጨምር የምታተርፈው ሰከንድ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። እውነተኛው መስመር ጎባጣ ነው። በመቶና በመቶ ሃምሳ መካከል ልዩነቱ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም፤ የማትናሱ ማሽንም ደቂቃ ስለማያሳይ ወራቱን ሁሉ ማንም አልነቃበትም። ከዚያ ወዲያ ግን የእሱ መስመር ብቻውን ቁልቁል ወርዷል። ሃዳር ሰባት ከሠላሳ ስድስት ላይ እጀታውን ለቃ ስትስቅ፣ ገና ከመቶ ሜትር በላይ ይቀራት ነበር።

አምስት ወር ሙሉ «ነኮን፣ ልክ ነሽ» ያላት እሱ ነው።

ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ዮአቭ ወረቀት ይዞ መጣ። ለክለቡና ለጋዜጣ የሚላክ ደብዳቤ ጽፏል፤ ልጅቷ በቆዳዋ ምክንያት ተበድላለች የሚል።

«ሞሬ፣ አንተ የሒሳብ ሰው ነህ» አለው። «ታቭላውን ለማስረጃ አያይዘዋለሁ። እዚህ ላይ ፈርምልኝ።»

ሣህሌ እስክሪብቶውን ተቀበለ። እጁ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ቆመ። «ነገ ልፈርም» አለ፤ መነጽሩን እንደረሳ ሰው ኪሱን እየዳበሰ።

ቤቱ ሲገባ ለአምሳለ ነገራት። አምሳለ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች አዳመጠችውና «ዝም በል» አለች።

«እንዴት ዝም እላለሁ?»

«አንተ ሌባ አይደለህ፣ ሰው አልገደልክ። ይኼ ወረቀት ነው። እነሱ እንደሆነ ዛሬ ባያደርጉት ትናንት አድርገውታል። እኛ ደግሞ እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንደ ሰው ከተቆጠርን ገና አምስት ወራችን ነው። በገዛ እጅህ ልታፈርሰው ነው?»

«ትናንት ስላደረጉት፣ ዛሬ ባላደረጉት ይከሰሱ?»

አምሳለ ወደ ምድጃዋ ዞረች። ቆይታ ግን፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ልጅቷ ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀች።

እሱንም እንቅልፍ የነሣው ይኸው ጥያቄ ነበር። ሃዳር ማትናሱን ትታለች። «እነሱ ዘንድ ለእኔ ቦታ የለም» ብላ ለዮአቭ በስልክ ጽፋለታለች። ይህን የምትለው በእሱ ማስመሪያ ምክንያት ነው።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ሁለት ፎቅ ወጥቶ አንኳኳ። ቦጋለች «ግባ መምህር» ብላ ወንበር ሳበችለት። ሃዳር ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ነበር። ሣህሌ አልተቀመጠም።

«ማሽናቸው ልክ ነበር» አለ። «የተሳሳተው የእኔ ወረቀት ነው። ሁለት መቶ ዋት አንድ ከሃምሳ አራት አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ሦስተኛ ነጥብ ሳልይዝ አሰመርኩት። ኢንተርኔት ይታይ ሲባልም እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቦጋለች እኅቴ። ላንቺም ለልጅሽም ልነግር መጣሁ።»

 «ማነው የላከህ?» አለች ቦጋለች።

«ማንም አልላከኝም።»

«የማትናሱ ሰዎች ናቸው? ሥራህን እንነጥቅሃለን አሉህ?»

«እኅቴ፣ በልጆቼ እምላለሁ…»

«አትማል!» ብላ ተነሣች። «ትናንት የመጣ ሰው አምኜ ልጄን ሰጠሁ። ዛሬ ደግሞ ይኸው ለእነሱ ጠበቃ ሆኖ መጣ።» ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሃዳር ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ እየቆራረጠች «ቢጠሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «እሱን አውቀዋለሁ። እንዴት እንደምሸከመው አውቃለሁ።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ልጄ።»

«ጉልበቱ ግን የእኔ ነው። ሁልጊዜም ስምንት ደቂቃ ነበርኩ ማለት ነው?»

«ስምንት ደቂቃ ከሁለት ሰከንድ» አለ ሣህሌ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ምላሱን ሊነክስ ምንም አልቀረው፤ የአስተማሪ አመል ሆኖበት ነው።

ሣህሌ ለዮአቭም ነገረው፤ ዮአቭ ደብዳቤውን ቀዶ ጣለ። ተቆጣ፤ «ኢንተርኔት ላይ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው!» ብሎ ጮኸ። ሠንጠረዡን ከግድግዳው የገነጠለውም እሱ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሞሬ ቀረና ሣህሌ ተመልሶ ሣህሌ ሆነ። ሣህሌ ግን አንድ ነገር ለመነው፤ የክለቡን ስልክ ቁጥር። በተሰባበረ ዕብራይስጡ ሸሊ ለምትባለው ፈታኝ ደውሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ሸሊ እስኪጨርስ አዳመጠችው። «በአሮጌ ማሽን፣ ያለ አሠልጣኝ፣ በአምስት ወር ስምንት ከሁለት?» አለች። «ይኼማ ጥሩ ነው። በተሳሳተ ቁጥር ተነሥታ ነው ጉልበቷን ያለጊዜው የጨረሰችው። መስከረም ላይ እንደገና ትምጣ።»

ሃዳር ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ማትናሱ ተመለሰች። ሰላም አላለችውም። አዲሱን፣ ዳምጤ እየሳበ አንድ በአንድ ያረጋገጡትን ሠንጠረዥ ቆማ አነበበችና፣ ፊቷን ሳታዞር «ስንት ያስፈልገኛል?» አለች።

«ሁለት መቶ ሃያ ሦስት።»

ሃያ ሦስት ዋት ሲሰሙት ትንሽ ነው። ሃዳር ግን አምስት ዋት ምን ያህል እንደሚከብድ ጀርባዋ ያውቃል። በጋውን ሁሉ፣ ቤርሼቫ እንደ ምጣድ በጋለችበት ወራት፣ ሳበች። ሣህሌ የክፍሉን መስኮቶች ይከፍትላት ነበር፤ አታናግረውም፣ አታባርረውም። መስከረም ላይ ሄዳ ተፈተነች። ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ። በስድስት ሰከንድ ቀረባት። ሸሊ «በሚቀጥለው ዓመት» አለቻት። ኅዳር ላይ ግን የወታደር ጥሪዋ ደረሰ፤ እንደ ማንኛዋም ልጅ ተመድባ ሄደች።

ቦጋለች ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስታገኘው ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ታልፋለች። በማትናሱ ሰው የሚሰላ ነገር ይዞ ሲመጣ ሣህሌ «ኢንተርኔት ላይ እዩት» ይላል። የሚችለውንም ጭምር።

በቀጣዩ ዓመት የጸደይ ወራት አንድ እሑድ ጠዋት ታሃና መርካዚት፣ ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ሃዳርን አገኛት። የወታደር ልብሷን ለብሳ፣ ጠመንጃዋን አንግታ፣ ትልቅ ቦርሳ እግሯ ሥር አስቀምጣ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ሊያልፋት ሲል «አባባ ሣህሌ» ብላ ጠራችው። ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ስሙን ከጠራችው።

ደህንነቱን ጠየቀችው፤ ደህንነቷን ጠየቃት። 

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያኔ ዝም ብትል ኖሮ፣ እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ አምን ነበር?»

ሣህሌ አሰበ። «ታምኚ ነበር» አላት።

ሃዳር ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ቦርሳዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችና «እናቴ አሁንም ታምናለች» አለች፤ ተሳፈረችም።

ሣህሌ አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ሊሄድ ያሰበውን ገበያ ትቶ በቀጥታ ወደ ማትናሱ ሄደ፤ የሚሰላ ነገር ይዞ የሚመጣ ካለ፣ ከእንግዲህ የሚችለውን «ኢንተርኔት ላይ እዩት» ላይል።